«ነርስነት ይሆነኝ ይሆን?» ለሚሉ፦ የኦኔት የፍላጎት መመዘኛ ሲመዘን

ነርሲንግ ለመማር የሚያስብ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ ቶሎ የሚያገኘው የአሥር ጥያቄ መጠይቅ ነው። «ሰው መርዳት ያስደስትዎታል?» ይላል የመጀመሪያው። አያስደስተኝም የሚል ማን አለ? አሥሩንም «አዎ» ብሎ የጨረሰ ሰው ለነርስነት የተፈጠረ መሆኑ ይነገረውና ቀጣዩ ገጽ የአንድ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ነው ብሎ ማለፍ ነው። ኦኔት ኢንተረስት ፕሮፋይለር ግን ከነዚህ ጋር አይቆጠርም። የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሠራው፣ ማይ ኔክስት ሙቭ በሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚገኝ መመዘኛ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ግን አጫጭር ስለሆኑ መጠነኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው አይቸገርም።

60 የሥራ ዓይነቶች አንድ በአንድ ይቀርባሉ፦ ጡብ መደርደር፣ አዲስ መድኃኒት መፍጠር፣ ልጆችን ስፖርት ማስተማር፣ የዕቃ ቆጠራ መዝገብ መያዝ፣ ወዘተ። ለእያንዳንዱ ከ«በጣም አልወደውም» እስከ «በጣም እወደዋለሁ» ካሉት አምስት መልሶች አንዱን ትመርጣላችሁ። መነሻው የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሲሆን ጥያቄዎቹ በስድስት ዘርፍ አሥር አሥር ሆነው ተከፍለዋል፤ የእጅ ሥራ፣ ምርምር፣ ጥበብ፣ ማኅበራዊ፣ ንግድና አመራር፣ ሥርዓትና መዝገብ። እያንዳንዱ ዘርፍ ከ0 እስከ 40 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ለትምህርትና ለልምምድ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆናችሁ ከ1 እስከ 5 ካሉት ደረጃዎች ትመርጡና የሥራዎች ዝርዝር ይመጣል። ነርስነት በዋናነት የሚቀርበው ማኅበራዊና ምርምር ከፍ ላሉለት ሰው ነው።

ጥሩ ጎኑ፣ «ሩኅሩኅ ነህ ወይ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። የሚያቀርበው ሥራ እንጂ ባሕርይ ስላልሆነ ራስን ማሞካሸት ይከብዳል። ሆኖም ነጥቡን የሚያበላሹ ሁለት ልማዶች አሉ። አንዱ ሁሉንም «እወደዋለሁ» ማለት ነው፤ ስድስቱም ዘርፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የትኛው ይበልጣል ማለት ትርጉም የለውም። ሌላው በእርግጠኝነት ላለመናገር መሐለኛውን መልስ መደጋገም ነው፤ ያኔ ሁሉም 20 አካባቢ ተጋድሞ ይቀራል። የሚታየው ከፍታው ሳይሆን በዘርፎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስድስቱን ቁጥሮች ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለፈውን ሳታዩ ድገሙት። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ዘርፎች ከተቀያየሩ ችግር የለም፤ አንደኛው ወደ አራተኛ ከወረደ ግን ውጤቱን መሠረት አድርጋችሁ ምንም አትወስኑ።

መመዘኛው ለነርስነት የሚያንሰው ማኅበራዊ በሚለው ዘርፍ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ወደ ማስተማር፣ ወደ ምክርና ወደ ልጆች እንክብካቤ ያዘነብላሉ። አልጋ አንጥፎ፣ ቤድ ፓን (ታካሚ አልጋው ላይ የሚጸዳዳበትን ዕቃ) አንሥቶ፣ በራሱ መገላበጥ የማይችለውን ታካሚ አገላብጦ፣ ከዚያ ሁሉንም በካርዱ ላይ ስለመጻፍ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ 36 ያመጣ ሰው ጥሩ መምህርም ሊሆን ይችላል። የአዳር ተረኝነት፣ የእግርና የወገብ ድካም፣ ሽታ፣ በበዓል ቀን ሥራ መግባት፣ አንዳቸውም የሉም። እንዲያውም መመሪያው ራሱ ስለሚያስፈልገው ትምህርትና ስለ ክፍያው ሳታስቡ መልሱ ይላል። ፍላጎትን ብቻ ለይቶ ለመመዘን ትክክል ነው፤ ሙያ ለመምረጥ ግን ግማሽ መንገድ ነው።

ነርስ ለመሆን የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው የሚያልፈውን ስድስተኛውን ዘርፍ፣ ሥርዓትና መዝገብን፣ ተመልከቱ። ይህ ከ10 በታች ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ነርስነት በሥርዓት የሚደጋገም ሥራ የበዛበት ነውና የእጅ ንጽሕናን ብቻ እንውሰድ። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውኃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል፤ ታካሚን ከመንካት በፊትም በኋላም። 6 ታካሚ ያለው ነርስ እያንዳንዱን 10 ጊዜ ቢቀርብ 120 ጊዜ ማሸት ይሆናል፣ በትንሹ 40 ደቂቃ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ፣ ማንም ሳያመሰግን። ሙያውን ከሚያስጠሉት ነገሮች አንዱ ደም ሳይሆን ይህ ድግግሞሽ ነው። (ደም ሲያዩ ማዞር ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጋነናል። በባዶ ሆድ አለመግባት፣ ጉልበትን አድርቆ አለመቆም፣ ሲያዞር ወዲያው መቀመጥ፤ ብዙ ሰው እየለመደው ይሄዳል።)

መመዘኛው የተወውን ክፍተት በቤት ውስጥ በሁለት ሙከራ መሙላት ይቻላል። የመጀመሪያው የሰከንድ መቁጠሪያ ያለው ሰዓትና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ሰዎችን ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን የልብ ትርታቸውንና አተነፋፈሳቸውን ቁጠሩ። ሁለት ጣት ከእጅ አንጓው በአውራ ጣት በኩል ይቀመጣል፤ በራሳችሁ አውራ ጣት አትለኩ፣ የራሱ ትርታ ስላለው ያምታታል። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያመለጠችውን አንዲት ምት አራት ያደርጋታል። ከዚያ እጁን ሳትለቁ፣ አሁንም ትርታ የምትቆጥሩ መስላችሁ፣ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ ሌላ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

አሁን ወረቀቱን ተመልከቱ። በአራተኛው ቀን ላይ 18፣ 18፣ 18 መደርደር ከጀመረ ቁጥሩ ከደረት ሳይሆን ከራስ የመጣ ነው። ይህ ተራ ስንፍና አይደለም፤ የታካሚ መባስ ቀድሞ ከሚታይባቸው ምልክቶች አንዱ የአተነፋፈስ ፍጥነት ነው፣ በግምት የሚሞላውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። በ42ኛው ቆጠራ ላይም እንደ መጀመሪያው የቆጠረ ሰው ከየትኛውም የ40 ነጥብ የበለጠ ማስረጃ በእጁ አለ።

ሁለተኛው ስሌት ነው። የታዘዘው መድኃኒት 750 ሚሊ ግራም፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው በ5 ሚሊ ሊትር 500 ሚሊ ግራም ቢሆን፦ 750 ለ500 ሲካፈል 1.5፣ በ5 ሲባዛ 7.5 ሚሊ ሊትር። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ቢታዘዝና ፈሳሹ የሚንጠባጠብበት መስጫ ቱቦ ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወጣ ቢሆን፦ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ መቀየር የረሳ ሰው 2,500 ያገኛል፤ እንዲህ የሚንጠባጠብ ነገር ስለሌለ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። አደገኛው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። 7.5 የነበረው 75 ቢሆን ሲሪንጁ ስለማይበቃ ማንም ይጠራጠራል፤ 0.75 ቢሆን ግን ያለ ጥያቄ ይቀዳል። አሥር እንዲህ ያሉ ስሌቶችን ሲደክማችሁ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ሥሩ። ከአሥር ስምንት እዚህ ጥሩ ውጤት አይደለም፤ ሁለት ታካሚ ተሳስተዋል ማለት ነው። ሒሳብ ደካማ መሆን በልምምድ ይስተካከላል። የሚያሳስበው «አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ ለምን ደግሜ አያለሁ?» የሚል ስሜት ነው።

ከተቻለ ደግሞ አንድ ሙሉ ፈረቃ፣ ከርክክብ እስከ ርክክብ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ተመልከቱ። ድንገተኛ ክፍል አይሁን፤ እዚያ ግርግሩ ይማርካል። የውስጥ ደዌ ዋርድ ይሻላል። ታካሚውን ሳይሆን ነርሷን ተከተሉ፤ በተለይ በመጨረሻው አንድ ሰዓት፣ እግር ሲዝልና ያልተጻፈው ሁሉ ሲከመር።

ጠቅላላ ፍርድ፦ ሃያ ደቂቃ ልትሰጡት የሚገባ፣ የትምህርት ክፍያ ልታወጡበት የማይገባ መመዘኛ ነው። ምርጡ ክፍል ነጥቡ ሳይሆን በመጨረሻ የሚሰጠው የሥራ ዝርዝር ነው። ነርስ የሚለውን ብቻ ከፍታችሁ አትዝጉት፤ የፊዚዮቴራፒን፣ የላቦራቶሪን፣ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂንና የማኅበራዊ ሠራተኛን ገጽም ክፈቱ። ከእያንዳንዱ የዕለት ተግባራቱን ቅዱና የማትፈልጓቸውን በቀይ አስምሩ። ከነርስነቱ ገጽ ያሰመራችሁት ሁሉ ታካሚን ስለ መንካት ከሆነ ላቦራቶሪው አጠገባችሁ ነው፤ መዝገብ ስለ መያዝ ብቻ ከሆነ ግን የቀሩትንም ገጾች እንደገና አንብቡ፣ እዚያም አለና።