ከውስጥ፣ ከውጭ ወይስ የድሮው ይብቃ? ለፕሌይስቴሽን ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ወር ጌም ቤት ያለው አንድ የአዘዞ ልጅ ፕሌይስቴሽን 4ቱን በፌስታል ጠቅልሎ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ይዞልኝ መጣ። "ጋሼ፣ አልተበላሸም" አለኝ ገና ሳልጠይቀው። "ግን ጌም አፕዴት ባደረገ ቁጥር 'ኮፒ እያደረገ ነው' ይልና ይቆማል። ልጆቹ ደግሞ አይጠብቁም፤ ተነስተው ጎረቤት ይሄዳሉ።"

ከቲቪ ጋር አገናኝተን አብረን አየነው። የወረደው ማሻሻያ ትንሽ ነበር። ኮፒ የሚያደርገው መስመር ግን አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ሩቡን እንኳ አልሞላም። ፕሌይስቴሽን 4 ማሻሻያ ሲመጣለት አዲሱን ቁራጭ በአሮጌው ላይ ለጥፎ አያልፍም፤ ጌሙን እንዳለ እንደገና ይገለብጠዋል። ጌሙ 50 ጊጋባይት ከሆነ 50ውንም እያነበበ ይጽፋል፤ ለዚያም የሚሆን ባዶ ቦታ ይፈልጋል። አብሮት የመጣው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር የላፕቶፕ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ በአንድ ጊዜ እያነበበ ሲጽፍ መርፌው ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ነው የሚውለው። መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠውና የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ትልቁን ልዩነት የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው።

በጎንደር ጌም ቤቶችም ሆነ በየቤቱ የማየው ማሽን አብዛኛው ፕሌይስቴሽን 4 ስለሆነ ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለ እሱ ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው 480 ወይም 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከውስጥ ያስገባ። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ቦታ እስኪጠበው ድረስ ምንም አይግዛ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ) ሳይኖረው የሚጫወት ሰው ደግሞ ከኤስኤስዲው በፊት ዩፒኤሱን ይግዛ።

ፕሌይስቴሽን 4፦ ከውስጥ ወይስ ከውጭ

ከውስጥ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሰካ) ኤስኤስዲ ነው። ማሽኑ እስከ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቀበላል፤ አብዛኞቹ ኤስኤስዲዎች 7 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ የመግባት ችግር የለም። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ አሮጌው ዲስክ 100 አካባቢ ነው። ሆኖም ጌሙ አምስት እጥፍ ቶሎ ይከፈታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። የታመቀውን ፋይል የሚፈታው የማሽኑ ፕሮሰሰር ነው፤ እሱ ደግሞ የ2013 ፕሮሰሰር ነው። ሰፊ ዓለም ያላቸው ጌሞች የሚከፈቱበት ጊዜ ሲሶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የኳስ ጌም ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የምስሉ ጥራትና ቅልጥፍና ምንም አይለወጥም፤ ይለወጣል ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። በደንብ የሚታወቃችሁ በኮፒው፣ በሜኑው መቀልጠፍና ማሽኑ ተነስቶ ለጨዋታ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነው።

ከውጭ የሚሰካው በዩኤስቢ 3 ይሠራል። ሶኒ ይህን የፈቀደው በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.50 ማሻሻያ ነው፤ መጠኑ ከ250 ጊጋባይት እስከ 8 ቴራባይት ነው። ከውጭ የተሰካ ኤስኤስዲ ጌም በመክፈት ከውስጡ ብዙም አያንስም። መፍታትና መግጠምም የለበትም፤ ሰክቶ ፎርማት ማድረግ ነው። ታዲያ ለምን ከውስጥ ትላለህ ብትሉኝ፣ ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛው የዩኤስቢ ቀዳዳው ነው። መደበኛውና ስሊሙ ፕሌይስቴሽን 4 ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁለቱም ከፊት ናቸው። ጌም ቤት ውስጥ ሁለቱም የጆይስቲክ ቻርጀር ናቸው። አንዱን ኤስኤስዲው ከያዘው አንዱ ጆይስቲክ ባትሪው ሲያልቅ ሌላውን ነቅሎ መሰካት ይመጣል፤ በሃብ አባዝተን እንጠቀም እንዳትሉ ደግሞ ማሽኑ ኤስኤስዲውን በሃብ በኩል አይቀበልም። ከፊት የተንጠለጠለ ገመድ ጎል የገባበት ልጅ ሲነሳ በጉልበቱ ይመታዋል። ጌም እየተጫወታችሁበት የተነቀለ ዲስክ ያለው መዘዝ ብዙ ነው። ፕሮው ከኋላም አንድ ቀዳዳ ስላለው ለእሱ ይህ ችግር ይቀላል።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ድርግም ብሎ ሲመጣ ማሽኑ በአግባቡ እንዳልጠፋ ይነግራችሁና ዲስኩን መመርመር ይጀምራል። ከውጭም ዲስክ ካለ እሱንም ለብቻው እጠግናለሁ ይላል። በሃርድ ዲስክ ይህ ምርመራ ደንበኛ ያባርራል፤ በኤስኤስዲ ቶሎ ያልፋል። ይህን ስል ግን ኤስኤስዲ መብራት መጥፋት አይጎዳውም ማለቴ አይደለም። እየጻፈ ሳለ ከጠፋበት እሱም ፋይል ያበላሻል። ዩፒኤሱን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው፤ ቲቪውን ከዩፒኤሱ ላይ አውጥታችሁ ማሽኑን ብቻ ብታስሩበት እንኳ በወጉ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ታገኛላችሁ።

ከውጭ የሚሰካው የሚሻለው መፍታት ለሚፈራ፣ ወይም ጌሙን ይዞ ዘመድ ቤት ለሚሄድ ሰው ነው። ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ከውስጥ መቀየር ግን በእኔ አስተያየት የሚያዋጣ አይደለም፤ ቦታ ጨምራችሁ ያው ቀርፋፋነት ይቀጥላል።

የቱ ኤስኤስዲ

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። ኪንግስተን ኤ400 እና ክሩሻል ቢኤክስ500 ርካሾቹ ናቸው፤ የራሳቸው ዲራም (ሥራቸውን የሚያፋጥን ትንሽ ጊዜያዊ ሚሞሪ) የላቸውም። ሳምሰንግ 870 ኢቮ እና ክሩሻል ኤምኤክስ500 ዲራም አላቸው፤ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ጌም በመክፈት ልዩነታቸውን በዓይን አታዩትም። ርካሾቹ የሚደክሙት በአንድ ትንፋሽ ብዙ ጊጋባይት ሲጻፍባቸው ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ደክመውም ቢሆን ግን ከአሮጌው ዲስክ ይሻላሉ።

"ኤስኤስዲ ተጽፎበት ያልቃል" የሚል ስጋት ብዙ ሰው ያነሳብኛል። የኪንግስተን ኤ400 ባለ 480 ጊጋባይቱ የጽሑፍ ዕድሜ 160 ቴራባይት ነው፤ የ870 ኢቮ ባለ 500ው 300 ቴራባይት ነው። በየቀኑ 50 ጊጋባይት ብትጽፉ በዓመት 18 ቴራባይት ገደማ ይሆናል። ርካሹ እንኳ በዚህ ስሌት ከ8 ዓመት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ለቤት ኤ400 ወይም ቢኤክስ500 ይበቃል። ለጌም ቤት፣ በተለይ ለጥምቀት ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ለማይጠፋ ማሽን፣ ዲራም ያለውን እመርጣለሁ። ባለ 240 ጊጋባይቱን ግን ማንም አይግዛ፤ ማሽኑ ለራሱ ከወሰደ በኋላ የሚተርፈው ለጥቂት ጌም ብቻ ነው።

የብር ዋጋ ያልጻፍኩት አስቤበት ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ስትጠይቁ ግን ዋጋውን በጊጋባይት አካፍሉት፤ ባለ 1 ቴራው ከባለ 500ው እጥፍ በታች ከሆነና አቅም ካላችሁ ውሰዱት።

መቀየሩ

ለመቀየር የሚያስፈልገው ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቢቴና አንድ ፍላሽ ነው። የመደበኛው ማሽን ዲስክ ከላይ ባለው የሚያብረቀርቅ ግማሽ ክዳን ሥር ነው፤ የስሊሙና የፕሮው ከኋላ በትንሽ ክዳን ተሸፍኗል። አንድ ብሎን ትፈታላችሁ፣ ዲስኩ ከነመያዣው ተንሸራቶ ይወጣል፣ መያዣውን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈታችሁ ኤስኤስዲውን ትተካላችሁ። ብሎኖቹን ስታጠብቁ እጃችሁን አታክብዱ፤ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይላጫል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍላሹ ላይ ነው። ባዶ ኤስኤስዲ ለገባለት ማሽን የዘወትሩ የማሻሻያ ፋይል አይሠራም፤ ከሶኒ ገጽ ላይ እንደገና ለመጫን የሚለውን፣ ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋውን ፋይል ነው የምታወርዱት። ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት አድርጉ፤ ፒኤስ4 የሚል ፎልደር፣ በውስጡ አፕዴት የሚል ሌላ ፎልደር ክፈቱ፤ ሁለቱም በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ፋይሉን አንዴ ካወረዳችሁ አታጥፉት፤ ለጎረቤትም ይሆናል።

ከመፍታታችሁ በፊት ሴቭ ያደረጋችሁትን በሴቲንግ ውስጥ ባለው ባክአፕ ወደ ውጭ አውጡ። ጌሞቹን ጨምራችሁ ማውጣት ከፈለጋችሁ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ተዋሱ፤ ሴቩን ብቻ ከሆነ ፍላሽ ይበቃል። ትሮፊ በባክአፕ ውስጥ አይካተትም፤ ኢንተርኔት ላይ ሲንክ አድርጉት። ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት "ሴቩ ጠፍቷል" ማለት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳያረጋግጡ ብሎን መፍታት የለም።

ፕሌይስቴሽን 5

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ማሽኑ ሲወጣ ጀምሮ ፈጣን ኤስኤስዲ በውስጡ አለው፤ የመጀመሪያው ሞዴል 825 ጊጋባይት ሲሆን ለተጠቃሚው የሚቀረው 667 ነው። የምትጨምሩት ለቦታ ብቻ ነው፤ ፍጥነት ፍለጋ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የሚገባው የኤም.2 ዓይነት (እንደ ማስቲካ ቀጭን ሆኖ ቦርዱ ላይ የሚሰካ)፣ ፒሲአይኢ ጄን 4 የሆነ ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም ከሳታ በጣም የሚፈጥን ኤስኤስዲ ነው። ሶኒ የሚመክረው በሰከንድ ከ5500 ሜጋባይት በላይ የሚያነብና ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) ያለው እንዲሆን ነው፤ ከነሂትሲንኩ ውፍረቱ ከ11.25 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ደብሊውዲ ብላክ ኤስኤን850ኤክስ እና ሳምሰንግ 990 ፕሮ ይህን በደንብ ያሟላሉ። ኪንግስተን ኤንቪ2 ጄን 4 የሚል ተጽፎበት ርካሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ባለ 1 ቴራው የሚያነበው ግን 3500 ነው። "ጄን 4" የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ የማንበቢያ ፍጥነቱን ከካርቶኑ ላይ አንብቡ።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ አገር የሚሻል ርካሽ መንገድ አለ። የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ከዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ላይ አይጫወትም፣ መቀመጥ ግን ይችላል። የማትጫወቱትን እዚያ አስቀምጡ፤ ስትፈልጉት ወደ ውስጥ መልሱት። 100 ጊጋባይት ጌም በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሚሠራ ዲስክ ሲመለስ 17 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ያንኑ በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት እንደገና ማውረድ 22 ሰዓት ነው፤ ያውም መስመሩ ሳይቋረጥ። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ደግሞ ከዚያው ዲስክ ላይ መጫወት ትችላላችሁ።

ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ወይም ኤክስ ያላችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ከኋላ የሚሰካ የራሱ ካርድ መፈለጉ ነው። ካርዱን ማግኘት እዚህ ስለሚከብድ ዩኤስቢ ዲስክን እንደ መጋዘን መጠቀሙ ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ ጊዜ እኔም ተሸውጃለሁ። "2 ቴራ" የሚል ውጭ የሚሰካ ኤስኤስዲ በርካሽ ገዛሁ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ አለኝ አለ፤ ማሽኑም ፎርማት አደረገው። ሦስተኛውን ጌም ስጭን ግን የመጀመሪያው ተበላሽቷል አለኝ። ክዳኑን በጥፍሬ ፈልቅቄ ሳየው ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች አንዲት ሚሞሪ ካርድ ነበረች። እንዲህ ያለው ዕቃ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲሞላ በአሮጌው ላይ ይጽፋል።

ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ በሚያውቀው ፋይል ይሞላውና መልሶ ያነበዋል፤ ውሸት ከሆነ ያጋልጠዋል። ለትልቅ ዲስክ ሰዓታት ስለሚወስድ ሱቅ ቆማችሁ አትጨርሱትም። ስለዚህ ሳትከፍሉ "ነገ ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ" ብላችሁ ተስማሙ፣ ደረሰኙ ላይም አስጽፉ። ይህን የማይቀበል ነጋዴ ጋር አትገበያዩ።

የአዘዞው ልጅ 480 ጊጋባይት ከውስጥ አስገባ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አልጣልነውም፤ ባለ ዩኤስቢ 3 ኬዝ ገዝቶ ከተተው። ልጆቹ ሲሄዱና የጆይስቲክ ቻርጀሮቹ ሲነቀሉ ማታ ይሰካዋል፤ የማይፈለጉትን ጌሞች ወደ እሱ ያሻግርና በሩን ሳይዘጋ ነቅሎ ከመሳቢያው ይቆልፍበታል።