ራይዘን 5 5600 በቶማሆክ ማክስ ላይ፦ ቮልቴጁን ቀንሶ ማፍጠን

ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ ሠርግ ሲደራረብ፣ ጎንደር ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ቤቶች ኮምፒውተር ሌሊትም አያርፍም። ሬንደር ሲደረግ (የተቀናበረው ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ሲቀየር) ፕሮሰሰሩ ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ላይ ነው፤ «ትንሽ ላፍጥነው» የሚለው ሐሳብም የሚመጣው ልክ ማሽኑ በሚደክምበት ሰሞን ነው። ኤኤምዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራይዘን 5 5600፣ ማለትም ባለ 6 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች)፣ ባለ 65 ዋት፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ የሚሄደው፣ ከኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሆክ ማክስ ማዘርቦርድ ጋር ለዚህ ሥራ ጥሩ ጥንድ ነው። ግን ቮልቴጅ ጨምሮ ሊያፈጥነው ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ይህ ፕሮሰሰር የሚፈጥነው ቮልቴጁ ሲቀነስለት ነው፤ የሚበላው ኃይልና ሙቀቱ ሲቀንስ ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ያደርጋልና።

ሒሳቡን እንየው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ኮሮቹን ሁሉ ከ4.4 ወደ 4.6 ጊጋኸርዝ ለማድረስ 1.25 የነበረውን ቮልቴጅ 1.35 ብታደርጉት የሚበላው ኃይልና የሚተፋው ሙቀት 22 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያተረፋችሁት ፍጥነት 4.5 በመቶ ነው። ከአንድ ሰዓት ሬንደር ላይ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይነሳም።

እዚህ ደግሞ አየሩም አያግዝም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የውጭ ሰዎች ለክተው የሚያሳዩት ዲግሪ እዚህ የማይደገመው በከፊል ለዚህ ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ ማቀዝቀዣ ለተራ አጠቃቀም ይበቃል፤ ለረጅም ሬንደር ግን ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ቁመታም ማቀዝቀዣ ግዙ። ስትቀይሩ አሮጌውን ቀጥ አድርጋችሁ አትንቀሉት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ፔስት ደርቆ ከያዘ ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ ይዞት ይወጣል፣ አንድ እግር ከታጠፈ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት።

ቮልቴጅና ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተው 1.4 ቮልት እና ከዚያም በላይ አይተው የሚደነግጡ አሉ። ይህ ችግር አይደለም። አንድ ኮር ብቻ ለአፍታ ሲፈጥን ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያን ያህል ይጠይቃል፤ ሁሉም ኮር ሲጫን ራሱ ያወርደዋል። ጉዳቱ ያንኑ 1.4 በባዮስ (በማዘርቦርዱ የመነሻ ሶፍትዌር) ቆልፋችሁ ሁሉም ኮር ላይ ስትጭኑት ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ በቺፑ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ቀስ በቀስ ይበላሉ። ምልክቱም ወራት የሠራ ሴቲንግ አንድ ቀን ያለምክንያት መክሸፍ መጀመሩ ነው። የግድ የተቆለፈ ቮልቴጅ ካስፈለገ ከ1.25 አትለፉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዮሱን አድሱ፤ አሮጌ ባዮስ የ5000ን ተከታታይ ላያውቅ ይችላል። ከዚያ በኤፍ7 ወደ አድቫንስድ ገጽ ግቡና ከኦሲ ውስጥ ኤኤምዲ ኦቨርክሎኪንግ የሚለውን፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ራሱን የሚያፈጥንበትን ገደብ የሚያስተካክለውን ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭን ክፈቱና አድቫንስድ አድርጉት። ለየፍጥነቱ የሚሰጠውን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ከርቭ ኦፕቲማይዘር ላይ ኦል ኮርስ፣ ኔጋቲቭ፣ 10 አስገቡ። አንዷ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ስለሆነች 10 ማለት ከ30 እስከ 50 ሚሊቮልት መቀነስ ነው። የሙቀት ገደቡን 85 አድርጉ፤ የፕሮሰሰሩ የራሱ ጣሪያ 90 ነው። የሲፒዩ ኮር ቮልቴጅ አውቶ ላይ ይቆይ። ኮርሳይክለር የተባለው የመፈተሻ ፕሮግራም ኮሮቹን አንድ በአንድ እየፈተነ ይደር፤ ካለፈ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ሂዱ። መጨረሻው 30 ነው፣ ግን ሁሉም ኮር አይደርስበትም። የኤኤምዲ ፕሮግራም የሆነው ራይዘን ማስተር በኮከብ የሚያመለክታቸው ምርጥ ኮሮች ብዙ ጊዜ ቀድመው ይሰናከላሉ፤ ለእነሱ ለብቻቸው 5 ወይም 10 ስጧቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ቮልቴጅ ከመጠን በላይ ሲቀነስ ማሽኑ ሬንደር ላይ ላይወድቅ ይችላል። የሚወድቀው ብሮውዘር ስትከፍቱ ወይም እንዲሁ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ኮሩ ወደ ከፍተኛው ፍጥነቱ የሚዘለው ቀላል ሥራ ላይ ነውና። በእኛ ከተማ ኮምፒውተር በራሱ ጠፍቶ ሲነሳ መጀመሪያ የሚረገመው መብራት ነው። ለመለየት ዊንዶውስ ውስጥ የማሽኑን መዝገብ የሚያሳየውን ኢቨንት ቪውር ክፈቱና ሲስተም የሚለውን እዩ። ከርነል ፓወር 41 በሁለቱም ምክንያት ስለሚመዘገብ ምንም አይነግራችሁም። አጠገቡ የሃርድዌር ስሕተት የሚመዘግበው ዊያ ሎገር 18 ካለ ግን መብራቱን ተዉት፤ ከርቩን በ5 ቀንሱ፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 15።

ጭነት ሲመጣ የሚወርደውን ቮልቴጅ የሚያካክሰውን ሎድላይን ካሊብሬሽንን አትነካኩ። በዚህ ቦርድ ላይ አነስተኛው ቁጥር ጠንካራው ነው፤ በሌሎች ኩባንያዎች ቦርድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ከቪዲዮ ላይ «ሞድ» ቀድቶ ማስገባት አደጋው እዚያ ላይ ነው። ጠንካራው ጭነት ላይ ቮልቴጅ እንዳይወርድ ቢይዝም ጭነቱ ድንገት ሲለቅ ቮልቴጁ ለቅጽበት ወደ ላይ ይዘልላል፤ ያን ዝላይ ደግሞ ሶፍትዌር አያሳያችሁም።

«አውቶ ከሆነ አይጎዳም» ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም። በ2023 እ.ኤ.አ. የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከነቦርዳቸው ሲቃጠሉ ኤኤምዲ የኤስኦሲ ቮልቴጅን (ሜሞሪ መቆጣጠሪያው ላለበት የፕሮሰሰሩ ክፍል የሚሰጠውን) በ1.3 የገደበው በአዲስ ባዮስ ነበር። ኢንቴልም በ2024 እ.ኤ.አ. 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ላይ ከመጠን ያለፈ የቮልቴጅ ጥያቄን በማይክሮኮድ (ከባዮስ ጋር በሚመጣ የፕሮሰሰሩ የውስጥ ኮድ) አስተካክሎ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ባዮስ ማደስ የምንለው ለዚህ ነው።

ቦርዱን በተመለከተ፣ 4+2 ፌዙ፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀርበው ክፍል፣ ለዚህ ፕሮሰሰር ይተርፋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን የፍላሽ ባዮስ ቁልፉ ነው፤ እድሳት መሃል መብራት ቢሄድና ባዮሱ ቢበላሽ በኤፍኤቲ32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ የባዮሱን ፋይል ኤምኤስአይ ነጥብ ሮም (MSI.ROM) ብላችሁ ሰይማችሁ ታስነሱታላችሁ። ቢሆንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው) ሳይኖር አትጀምሩ፤ ስታቢላይዘር ብቻውን መብራት ሲጠፋ አይይዝም። የምንጠላው ማሽኑ መነሳት ሲያቅተው የባዮሱ ሴቲንግ የሚጸዳበት ቁልፍ አለመኖሩን ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ ጄባት1 (JBAT1) የተባሉትን ሁለት እግሮች በመፍቻ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ማገናኘት አለባችሁ። ማታ ማታ ገመዱን የምትነቅሉ ከሆነ ክብ የሆነችው ሲአር2032 ባትሪ ቶሎ ትደክማለች፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ከርቩም አብሮ ጠፍቷል ማለት ነው። ሴቲንጉን በኦሲ ፕሮፋይል አስቀምጡት፣ ባትሪውንም ቀይሩ።