ጅማ ያላችሁ የቤተ መጻሕፍት ሰራተኞች፣ ይቺን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች እንዴት ዋላችሁ፣ ዛሬ ምስጋና ይዤ ነው የመጣሁት። ቴሌግራምና ፌስቡክን ለስራችን እንድንጠቀምበት ያሰለጠነችን ልጅ አለች፣ ሳላመሰግናት ብቀር ከምር ይከብደኛል።

እኛ ጋ ድሮ የፌስቡክ ገጽ ነበረን፣ የከፈተው ልጅ ስራ ሲቀይር ፓስወርዱም አብሮት ሄደ፣ ገጹ እስካሁን የድሮውን ሰዓት እየነገረ ሰው በከንቱ ያመላልሳል። ስልጠናም ወስደን እናውቃለን፣ ግን ግማሽ ቀን ስላይድ አይተን ሻይ ጠጥተን መመለስ ነው። ይቺ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችን "አንባቢ በቀን በቀን ምንድነው የሚጠይቃችሁ?" ብላ ነው። ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ፣ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ አለ ወይ፣ ላፕቶፕ የሚሰካበት አለ ወይ... መልሱን ጽፈን የቴሌግራም ቻናላችን ላይ ፒን አደረግነው፣ እሷ የማንንም ስልክ አልነካችም፣ እኛው እየተሳሳትን ሰራነው።

ቻናል ላይ የምንጽፈው እኛ ብቻ ስለሆንን ግሩፕ ከፍተን ከቻናሉ ጋር አገናኘነው፣ ከዛ አንባቢው በየፖስቱ ስር ኮሜንት መጻፍ ጀመረ። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የሃሽታግ ነገር ነው። አንዳችን "መጽሐፍ" እንላለን አንዳችን "መፅሀፍ"፣ ሃሽታግ ላይ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አንዱን ስትነኩ የሌላው ፖስት አይመጣም፣ በቃላት መሀል ክፍት ቦታ ከተውን ደግሞ እዛው ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ቁጭ ብለን #አዲስ_መጽሐፍ ብቻ እንዲሆን ተስማማን፣ ሌሎቹንም ዝርዝር አወጣን። ካታሎግ (የመጽሐፍት መዝገብ) ለሰራ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ አንድን ነገር ሁሌ በአንድ አጻጻፍ መመዝገብ የኖርንበት ስራ ነው፣ እሷ ይሄን ስታሳየን ነው ፍርሃቱ የለቀቀን።

አንዱ ባልደረባችን ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርገን እንልቀቅ ሲል ደግሞ በትህትና አስቆመችው፣ ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ቢቀበልም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ሽፋኑን ፎቶ አንስታችሁ የመደርደሪያ ቁጥሩን ጻፉ አለች።

ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው ጋሼ አሉ፣ "እኔ በዚህ እድሜዬ" ብለው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፣ አጠገባቸው ወንበር ስባ በአፋን ኦሮሞ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፣ መብራት ሲጠፋ እንኳን አልተነሳችም በስልክ ቀጠለች። አሁን በአፋን ኦሮሞ የምንለጥፈውን የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

የቻናሉን ባለቤትነት በኃላፊዋ ስልክ ለማድረግ ስንሞክር እምቢ አለን፣ ለካ ሁለተኛው ፓስወርድ (ቴሌግራም ላይ ከኮዱ ሌላ ራሳችን የምናስገባው፣ Two-Step Verification የሚባለው) ከገባ 7 ቀን ካልሞላው ማስተላለፍ አይቻልም። ልጅቷ ክፍያዋን ተቀብላ ጨርሳ ነበር፣ ግን በሳምንቱ ራሷ ተመልሳ መጥታ አስጨረሰችን፣ ሌላ ሁለት አድሚንም ጨመርን።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ አገናኛችኋለሁ፣ የትምህርት ቤት ላይብረሪም ቢሆን ትሰራለች፣ አጋሮ ድረስም እሄዳለሁ ብላለች። ስትመጣ ሰራተኛው በሙሉ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይጠብቃት፣ ኃላፊዎችም አብራችሁ ቁጭ በሉ።

እህቴ ይሄን ካየሽው፣ ጋሼም ሰላም በይልኝ ብለዋል፣ ገላቶሚ!