ፊቱን ወደ ግድግዳ ላዞረው ቴክኒሻን ምስጋናዬ ይድረሰው

ይህን የምጽፈው እህቴ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። የቤቴ ኮምፒውተር ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ሰው በሌለበት ቤት በርቶ ይሠራል። ስክሪኑ እዚህ ላፕቶፔ ላይ ይታየኛል። ማውሱን እዚህ ሳንቀሳቅስ እዚያ ይሄዳል። ወር አለፈኝ፣ ግርምቴ ግን አልወጣልኝም።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የደንበኞቼን መዝገብ የምይዝበት ፕሮግራም ፈቃዱ ለዚያ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። «ፋይሉን በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ፋይሉ ያለ ፕሮግራሙ አይከፈትም፤ ስንቴ ልንገራችሁ! እህቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋ አስታማሚ ስታስፈልጋት ወይ እሷን ወይ ሥራዬን ልተው ሆነ። ከርቀት መሥራት ይቻላል ሲሉኝ ነው ሰው ፍለጋ የወጣሁት።

የመጀመሪያው ሰውዬ መጣ፣ ራውተሩ ላይ (ኢንተርኔት የሚያመጣልኝ ሳጥን ላይ) የሆነ ነገር ነካካ፣ «አለቀ» ብሎ ሄደ። እውነትም ለጥቂት ቀናት ሠራ። ከዚያ ድርግም። ብደውል አያነሳም። ሁለተኛው ደግሞ አንድ አፕ ጫነልኝ፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ መረጠልኝ፣ ራሱም ያዘው። አንድ ማታ ቤት ተቀምጬ ማውሱ ብቻውን ሲሄድ አየሁ። ደሜ ቀጥ አለ። ስጠይቀው «እየሠራ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ሞኟ አመንኩትና ወደ እህቴ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን አልገናኝም አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ ተጉዤ ቤቴ ገባሁ። ለካ ኮምፒውተሩ ስሊፕ ገብቶ፣ ማለትም ሥራ ሲፈታ በራሱ ተኝቶ ኖሯል! አንድ ቁልፍ ስነካ ነቃ። ለዚያች አንድ ቁልፍ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። በመንገድ ላይ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን ልጅ ያገኘሁት ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ገና ሳይነካ «እትዬ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማን ያበራልዎታል?» አለኝ። ያን ያህል ሰው ሲገባ ሲወጣ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የምትመጣ ስክሪን ላይ ገብቶ የሆነ ነገር አስተካከለ፤ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ። መልሶ ሲሰካው ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሳ። አጨበጨብኩ፣ እውነቴን ነው። ስሊፕ የሚባለውንም አጠፋልኝ። ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ኮምፒውተሩ አይተኛም።

የመጀመሪያው ሰውዬ ራውተሩ ላይ ከፍቶ የተወው በር፣ ከኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሬ የሚያስገባው፣ እስከዚያ ቀን ክፍት ነበር። ቁጥሩ 3389 ነው፤ ከዚህ በኋላ አልረሳውም። ይህን በር ክፍት ሆኖ ለማግኘት ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩ ሌቦች አሉ አለኝ። ገብተው ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቃሉ። የሰው ሒሳብ ይዤ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ተኛሁ? በሩን ዘጋው፤ የሁለተኛውንም አፕ ነቅሎ ጣለልኝ።

በምትኩ የጫነልኝ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ይባላል። ነጻ ነው፣ ከጉግል አካውንቴ ጋር የተያያዘ ነው። ፒን ሲጠይቅ ልጁ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ለምዶብኝ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ልነግረው ስል «አይንገሩኝ እትዬ! እኔ ካወቅኩት የእርስዎ መሆኑ ቀረ» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለኝ የለም። «አንድ ሰው ደውሎ ኮድ ቢጠይቅዎት፣ እኔ ነኝ ቢልዎት እንኳ ይዝጉበት» ብሎም አስጠነቀቀኝ።

ሊሄድ ሲል የስልኬን ዋይፋይ አስጠፍቶ በስልኬ ዳታ ደጅ ወጥቼ እንድሞክር አደረገኝ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መሞከር ሙከራ አይደለም አለ። ደጅ ቆሜ የቤቴን ኮምፒውተር በስልኬ ከፈትኩ። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

እዚህ ከመጣሁ በኋላም አንድ ሌሊት የዊንዶውሱን የይለፍ ቃል አልቀበልም አለኝ። በዚያ ሰዓት ደወልኩለት፣ እግዜር ይስጠው አነሳ። «እትዬ፣ ካፕስ ሎክ በርቶ ይሆን?» አለ ቀስ ብሎ። በርቶ ነበር። አልሳቀብኝም። ኋላ ለብቻው ስቆ ከሆነም መብቱ ነው።

ከቤታችሁ ርቃችሁ የምትሠሩ፣ እባካችሁ እሱን አሠሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን አሠሩ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ። ሥራ ላይ ከሆነ አያነሳም፣ ታገሡት፤ ማታ መልሶ ይደውላል።