በላውተርብሩነን ሸለቆ ብስክሌት፦ ከሦስቱ መንገዶች ለየትኛው ትከፍላላችሁ?

የስዊዘርላንዱ ላውተርብሩነን ግራና ቀኙ ገደል፣ መሀሉ ሜዳ የሆነ ሸለቆ ነው። እዚያ ብስክሌት ተከራይቶ መዋል ለሚፈልግ ሦስት መንገዶች አሉ። በጉልበትም በወጪም ጭራሽ አይገናኙም።

ቀላሉ የሸለቆው ወለል ነው። ከላውተርብሩነን እስከ ሽቴኸልበርግ መንደር 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳገቱ በጠቅላላ ከ100 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ገና ስትነሱ ሽታውባህ ፏፏቴ ከ297 ሜትር ከፍታ ይወርዳል፤ ነፋስ ካለ ውሃው መሬት ሳይደርስ እንደ ጭስ ይበተናል። መንገድ ላይ ትሩመልባህ የተባለውን ፏፏቴ አትለፉት። ከፍላችሁ ትገባላችሁ፤ ከአይገር፣ ከሞንኽና ከዩንግፍራው ተራሮች የበረዶ ግግር የቀለጠው ውሃ በተራራው ሆድ ውስጥ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ሲንደረደር ታያላችሁ። ለዚህ መንገድ ተራ የከተማ ብስክሌት ይበቃል። ውድ የተራራ ብስክሌት መከራየት ብር መበተን ነው፤ ያውም ፍራንክ።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ ተራራው ላይ ያለችውን የሙረን መንደር ዙር ነው። ከላውተርብሩነን ብስክሌታችሁን ይዛችሁ በኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ማጓጓዣ) ግሩችአልፕ ጣቢያ ትወጣላችሁ፤ 1,486 ሜትር። ከባዱን ዳገት ኬብሉ ጨረሰላችሁ ማለት ነው። ከዚያ ሙረን ድረስ ከትንሿ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን የሚሄድ ኮረኮንች መንገድ አለ፤ ሦስቱ ተራሮች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። እግረኛ ስለሚበዛ ቀስ በሉ፤ የከብት በር ከከፈታችሁም መልሳችሁ ዝጉ።

ጣጣው ሲወረድ ነው። ከሙረን በጊመልቫልድ መንደር በኩል ሽቴኸልበርግ ለመድረስ ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ። እስከ ጊመልቫልድ አስፋልት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ቀጥ ያለ ቁልቁለት፣ ያውም ጠጠር ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ያዋጣል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፍሬኑን ጨምቃችሁ አትውረዱ። ዲስኩ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ መያዙ ይቀንሳል። ጠበቅ፣ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ስለዚህ ስትከራዩ ስለ ማርሹ ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት ፍሬኑን ጨመቅ አድርጉት። እጀታው መሪው ድረስ ከመጣ ሌላ ብስክሌት ይስጧችሁ። የግራው አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ ፍሬን ነው፤ ሜዳ ላይ ሳላችሁ ሞክሩት። ለዚህ ዙር ከፊት ብቻ ሾክ ያለው ብስክሌት ይበቃል።

ሦስተኛው ክላይነ ሻይደግ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ነው። በባቡር ግሪንደልቫልድ ትሄዱና ከ1,034 ሜትር ተነስታችሁ 2,061 ሜትር ላይ ትወጣላችሁ። አንድ ሺህ ሜትር ዳገት! ዘወትር ለማይነዳ ሰው በባትሪ ካልታገዘ ቅጣት ነው። እይታው አያከራክርም፤ ከአይገር ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር ነው የምታልፉት። ግን አንገት ደፍቶ እያለከለከ የሚወጣ ሰው ምኑን ያየዋል? ጉልበቱ ያለው ይሂድ፤ ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ብስክሌት የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ስለ ትኬት አንድ ነገር። የስዊስ ትራቭል ፓስ (የቱሪስት የጉዞ ትኬት) ካላችሁ እስከ ሙረንም ሆነ በሻይደግ መንገድ ላይ እስካለችው ቬንገን መንደር ያደርሳችኋል፤ ብስክሌቱ ግን የራሱን ትኬት ይፈልጋል። ባትሪ ያለው ከተከራያችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ወዲህ በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ነው። ቢጫው ምልክት የእግረኛ፣ ቀዩ የብስክሌት ነው።

ከሻይደግ ወርዳችሁ መኪና የማይገባባት ቬንገን ስትደርሱ ላውተርብሩነን ለመድረስ ገና ወደ 480 ሜትር ቁልቁል ይቀራል። እጃችሁ ከዛለ አትግደርደሩ፤ ብስክሌቱን ባቡር ላይ ጫኑት።