«ተጋቡ ወይ?» «ገና!»

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥና የሚያከራይ ሰው አለ። ሱቅ አይባልም፣ ታፔላም የለውም። ጠዋት አመዳዩ ሳይለቅ አይዘረጋም፤ «ወረቀት ብርድ ይጠጣል» ይላል። ከሦስት ሰዓት በፊት ብትሄዱ የምታገኙት ላስቲኩን የሚይዙትን አራት ድንጋዮች ብቻ ነው። ዘንድሮ የገናን ጾም የገፋሁት ከእሱ በተከራየኋቸው ሦስት የእንግሊዝኛ የገና የፍቅር መጻሕፍት ነውና ስለ ሰውየውም ስለ መጻሕፍቱም የምለው አለኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 200 ብር ታስይዛላችሁ፣ ለሳምንት 20 ብር ትከፍላላችሁ፣ ስትመልሱ መያዣችሁን ትወስዳላችሁ። ስልካችሁን ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ብታሳልፉ ዝም ይላል፤ ሦስት ቀን ብታሳልፉ ግን በሚቀጥለው ስትሄዱ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ እኛ አገር ደግሞ ያለው ብርድ ይበቃናል። የፈረንጅ የፍቅር መጻሕፍቱን ለብቻ በአንድ የዘይት ካርቶን ነው የሚያስቀምጣቸው። «የሴቶች» ይለዋል ካርቶኑን። ቁጢጥ ብለው ሲያገላብጡ ካየኋቸው ሰዎች ግን የሚበዙት ወንዶች ናቸው። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳልጠይቀው «ለእንግሊዝኛዬ ነው» አለኝ።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ታኅሣሥ ለእኛ እረፍት የሚባል ነገር የለውም። ብርዱ ሲከፋ የሳል ሽሮፑና የቁርጥማት ቅባቱ ይፈለጋል፤ በዓሉ ሲቃረብ በግ ሊሸጥ ከገጠር የወጣው ሰው የግፊቱንና የስኳሩን መድኃኒት በዚያው ይዞ ይመለሳል። ዋናው ሰልፍ ግን የበዓሉ ማግስት ነው። ወር ከግማሽ ሽሮና ምስር የለመደ ጨጓራ በአንድ ሌሊት ዶሮና ቅቤ ይወርድበታል። ሌላው ሰው ለገና የሚዘጋጀው ዶሮ በመግዛት ነው፤ እኔ ኦሜፕራዞል በካርቶን በማዘዝ።

በዚህ መሀል ወፍራምና ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ይዤ ሞክሬ አውቃለሁ። የጀመርኩትን አንቀጽ ሳልጨርስ «ሲስተር!» የሚል ድምፅ ይመጣል (ሲስተር አይደለሁም፤ ማስረዳቱ ደክሞኝ ትቼዋለሁ)፣ ስመለስ ማን ማንን እንደከዳ ጠፍቶብኛል። የእኛ የፍቅር ልብወለድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሳይቀብር አያልቅም፤ በሥራ ሰዓት አልቅሼ ኢንሱሊን ማስረከብ አልችልም። እነዚህ የገና መጻሕፍት ግን በአምስት ደቂቃ ቁራጭ ለመነበብ የተሠሩ ናቸው። ካርቶኑ ውስጥ የሚበዙት የሚልስ ኤንድ ቡን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ላይ የተቋቋመና በ1971 ከካናዳው ሃርለኩዊን ጋር የተቀላቀለ አሳታሚ ነው። እኔ የያዝኳቸው ሦስቱም 190 ገጽ አይሞሉም፣ ለጋዋን ኪስ ልክ ናቸው። መጨረሻቸው ደግሞ ደስታ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ይህ እንደ ሕግ ነው። መጨረሻውን እያወቁ ማንበብ ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው፣ ቡናም እኮ ሦስተኛው በረካ እንደሆነ እየታወቀ ነው የሚጠጣው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ዳቦ ቤት የወረሰች ሴት ታሪክ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን በጾም አትከራዩት። የእነሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፣ እኛ ጾሙ ገና ወገቡን ያለፈበት ሰሞን ማለት ነው። እኔ ሱፍ ፍትፍቴን ይዤ ቁጭ ስል እሷ ሊጥ ላይ ቅቤ ትጨምራለች። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ቅቤ አምስት ጊዜ ሲጠራ ቆጥሬያለሁ፤ የሸኖ ለጋ አፍንጫዬ ሥር ያለ ነው የመሰለኝ። እናቴ ደግሞ ሽፋኑ ላይ የተቃቀፉትን ሁለት ሰዎች አይታ «ዓይንም ይጹም ተብሏል» አለችኝ። ሽፋኑን በጋዜጣ ለበድኩት።

ሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በገና ሌሊት ተረኛ የሆኑ ሐኪምና ነርስ። ይህንን በጉጉት ነበር የያዝኩት፣ የራሴ ሙያ ነው ብዬ። ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ አድሮ ሲወጣ ፀጉሩ እንደተበጠረ ነው። ይሁን። በሙሉው ሆስፒታል ግን መድኃኒት የሚያስረክብ ሰው የለም። በ186 ገጽ ውስጥ አንድ ፋርማሲስት እንኳ! ነርሷ ከየት እንደምታመጣው እግዜር ይወቅ፣ እጇን ወደ ኪሷ ስትልክ መርፌው ይወጣል። ከሦስቱ የወረደው እሱ ነው።

ሦስተኛው በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው አንድ የገጠር ሆቴል ውስጥ ስለቀሩ ሁለት ሰዎች ነው። ፈረንጅ ያለ በረዶ ገናው አይሞላለትም። እኛ ለጠጠሩም ለብናኙም ያለን ቃል አንድ ነው፤ እንግሊዝኛውን በሐሳቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ እየመጣብኝ፣ ጥንዶቹ ሲሳሳሙ ጠጠሩ አናታቸውን ሲቀጠቅጣቸው ታየኝ። የእነሱን በረዶ የሚመስለው የእኛ አመዳይ ነው፤ በታኅሣሥ ማለዳ የገብስ ቃርሚያው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረው። ግን ነጭ ማለዳ እዚህ የፍቅር ወሬ አያስነሳም። «ባቄላው ተመታ ወይ?» ነው የሚባለው። እንዲያም ሆኖ፣ በስሟ ብርድ ልብስ የሚጠራላት ከተማ ውስጥ፣ የመንዝ ባና ጉልበቴ ላይ ጥዬ፣ እጄን በየተራ ከሥሩ እያሞቅሁ ሳነበው፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለእኛ አገር ሰው ነው አልኩ። ብርዱን ይገልጸዋል። ሴትዮዋ ኩባያውን በሁለት እጇ አቅፋ ሳትጠጣ የምትቆይበት ቦታ አለ፤ እኛም ሻይ እንዲሁ ነው የምንጠጣው፣ መጀመሪያ በእጅ።

በሦስቱም መጻሕፍት በር ላይ ሚስልቶ ይሰቀላል፤ ከሥሩ የተገናኙ ይሳሳማሉ። ምን ዓይነት አበባ ነው ብዬ ስፈልግ፣ እኛ ተቀጥላ የምንለው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ በሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው፣ የባህል ሐኪም የሚቆርጠው። ስንት ዘመን ለመድኃኒት ስንለቅመው ለሌላ ነገርም ይሆን ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ሆቴሉ ውስጥ ሰውየው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከመሐል ሜዳ የመጡ ሽማግሌ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። የማዘዣ ወረቀታቸውን ሰጥተውኝ መድኃኒቱን ስቆጥር መጽሐፉን በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱ።

«ምንድነው ልጄ፣ የጸሎት ነው?»

«አይ አባባ፣ የፍቅር ታሪክ ነው። የፈረንጅ።»

«ተጋቡ ወይ?»

«ገና!»

«ገና ነው የሚጋቡት? በጥምቀት ቢያደርጉት ይሻላቸው ነበር» አሉና መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ። ያንን ቀን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ብቻዬን እስቅ ነበር።

አሁን ቅሬታዬ። እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ በዓሉ በራሱ እግር ነው የሚመጣው። ዛፉ አጊጦ ይገኛል፣ ማዕዱ ቀርቦ ይገኛል። ሴትዮዋ «በሥራ ተወጥሬያለሁ» ትላለች እንጂ ሽንኩርት ስትልጥ አላየሁም። እኛ ቤት የዶሮው ሽንኩርት ብቻ አምስት ኪሎ ነው። ከዋዜማው ቀን በፊት ጀምሮ ተከትፎ፣ ቁሌቱ በባሕር ዛፍ እንጨት ጭስ ሲንተከተክ ይውላል፤ ዶሮዋ አሥራ ሁለት ቦታ ወጥታ በሎሚ ስትታጠብ ጣት በውኃው ይደነዝዛል። ቄጠማውም፣ ጠላውም፣ ድፎውም ሰው ይፈልጋሉ። ከሥራ መጥቼ እዚያ ውስጥ ገብቼ፣ እኩለ ሌሊት ላይ እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ገጽ ስገልጥ፣ ጥፍሯን ቀለም ስትቀባ አገኘኋት። ለአፍታ ጠላኋት፣ ከዚያ ደግሞ ቀናሁባት።

ታኅሣሥ 27 ማታ መብራት ጠፋ። በስልክ መብራት ሦስተኛውን ልጨርስ ተቀመጥኩ። መንገዱ ተከፍቷል፣ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ባቡር ጣቢያ ደርሷል፣ እሷ በበረዶው እየሮጠች ስሙን ጠራች፣ ዞረ፣ ገለጥኩ፤ የጀርባው ሽፋን ነው። የመጨረሻዎቹ 12 ገጾች የሉም። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው እሳት አያይዞበት ይሁን ቆሎ ጠቅልሎበት አላውቅም።

በማግስቱ ለዶሮው ሎሚ ልገዛ ስወጣ ወደ ሰውየው ጎራ አልኩ። አገላብጦ አየውና ምንም ሳይደነግጥ «እህቴ፣ ይጋባሉ» አለኝ።

«እሱንማ አውቃለሁ!»

«ታዲያ?»

ኪራዬን መልስ አልኩት። ተከራክረን አሥር ብር መለሰልኝ፣ መልካም በዓል ተባባልን። መጽሐፉን ግን አልተውኩለትም፤ ሳምንቱ አላለቀም ነበር።

እንግዲህ የምመክረው፦ ሰውየው እምነት የሚጣልበት ነው፣ መያዣ አይበላም፣ ዋጋውም አይከብድም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን መጽሐፉን ከኋላ ጀምራችሁ ግለጡት። ዳቦ ቤቱን ከፍስክ በኋላ፣ የበረዶውን በማንኛውም ብርድ ተከራዩ። የሆስፒታሉን ለፋርማሲስት አታሳዩ።

የበረዶውን የመለስኩት ከገና በኋላ ነው፣ የጨጓራው ሰልፍ ጋብ ሲል። ከመመለሴ በፊት መጨረሻውን ራሴ በአሮጌ ማዘዣ ወረቀቶች ጀርባ ላይ፣ በአማርኛ፣ አራት ገጽ አድርጌ ጽፌ ከጀርባው ሽፋን ጋር በስቴፕለር መታሁት። ተጋቡ። ብቻ ሰውየው ከመሳሙ በፊት አምስት ኪሎ ሽንኩርት እንዲልጥ አደረግሁት።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ካርቶኑን አየሁት፤ መጽሐፉ ወጥቷል። ኪራዩንም 25 ብር አድርጎታል።