ደሴ ላይ አልነሳ ያለች ኮሮላ፦ የሠሩልኝ ባለሙያዎች

ወሎ ቤተሰብ ልጠይቅ ስገባ መኪና አልከራይም፤ የአጎቴን አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ እይዛለሁ። ዘንድሮ ግን ጠዋት ቁልፍ ሲዞር "ጠቅ" ትልና ዝም። ደሴ ቁልቁለት አይጠፋምና አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገን እያሳደርን፣ በሁለተኛ ማርሽ ገፍተን እናስነሳት ነበር። የሚገርመው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ካደረች ያለ ግፊ ትነሳለች።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ምንም ሳይለካ "ባትሪው ሞቷል" አለኝ። አዲስ ተገዛ፤ በማግስቱ ያው "ጠቅ"። ሳይመረምሩ ሰውን ወጪ ውስጥ መክተት በጣም ያሳዝናል።

ጎረቤት የጠቆሙን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አካባቢ የሚሠራ የመኪና ኤሌትሪሺያን ግን ሌላ ሰው ነው። ኮፈን ሳይከፍት "ጋሼ፣ ሲገፏት ትነሳለች?" አለኝ። አዎ ስለው፣ "እንግዲያው ካንዴላውም ቤንዚኑም ደህና ነው፤ አብሽሩ፣ ችግሩ የሞተሪኖው መስመር ላይ ነው።" ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፤ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው ለካንዴላው እሳት ግን ጥቂት ስለሚበቃ ነው በግፊ የምትነሳው።

ቴስተር አወጣ። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ከዚያ አንዱን ሽቦ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ይዞ ቁልፉን እንዳዞር ነገረኝ። ከግማሽ ቮልት ማለፍ የሌለበት ከ2 በላይ አሳየ። የማሳውን ገመድ (ባትሪውን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን) ሲፈታው ብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት ጋግሮበታል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ የተበላውን የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ካፖኮርዳ (የገመድ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) አሰረለት፤ ግራሶም ቀባው። አንድ ጊዜ ሲዞር ተነሳች።

የኮምቦልቻውንም ነገር አስረዳኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጠዋቱ ብርድ የሞተር ዘይቱን ያወፍራል፣ የባትሪውንም ጉልበት ይቀንሳል። የታመመ ገመድ እንደ ኮምቦልቻ ዝቅና ሞቅ ያለ ቦታ ላይ እንደምንም ይሠራል፣ ደጋ ላይ ይሸነፋል።

የጠየቀኝ የእጁን ዋጋና የካፖኮርዳዋን ብቻ ነው። አሮጌውን ባትሪም ለክቶ ደህና መሆኑን አሳይቶኛል፤ አጎቴ ለመጠባበቂያ አስቀምጦታል። ደረሰኝ አይሰጥም፣ መቀመጫም የለውም፤ ረፋድ ላይ ወረፋው ይበዛል። ከውጭ መጥታችሁ የዘመድ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ ባትሪ ቀይሩ ስትባሉ መጀመሪያ ማሳው በቴስተር ይለካልኝ በሉ።